ከደብረ ብርሃን ለወዳጄ፦ ስለ ሜሪ ፓርከር ፎሌት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንደምን ናቸው? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ዓመታት አልፈዋል። በመሥሪያ ቤትህ የመምሪያ ኃላፊ ሆነህ መሾምህን ስሰማ ግን ደስታዬን ከመግለጽ ጋር፣ እዚህ በወተት ኅብረት ሥራ ማኅበራችን አሠራሬን የለወጠልኝን የአንዲት ሴት ሐሳብ ላካፍልህ ወደድሁ።

ሜሪ ፓርከር ፎሌት ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1868 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ተወልዳ በ1933 አረፈች። ስለ ሥራ አመራር ያስተማረችው ፋብሪካ መርታ አይደለም፤ በቦስተን ከተማ ድሃ በሚበዛባቸው ሰፈሮች ለብዙ ዓመታት ስትሠራ፣ ትምህርት ቤቶች ማታ ማታ ለነዋሪው መሰብሰቢያ እንዲከፈቱ ታግላ፣ የማይስማሙ ሰዎች አብረው እንዴት እንደሚሠሩ በቅርብ አይታ ነው። በዚያን ጊዜ የገነነው የአሜሪካዊው መሐንዲስ የፍሬድሪክ ቴይለር ትምህርት ሥራውን ለክቶና ቆጥሮ ለሠራተኛው የሚሰጥ ነበር። እርሷ ግን በሰው ላይ ያለ ሥልጣንና ከሰው ጋር ያለ ሥልጣን የተለያዩ መሆናቸውን፣ የሚያዘልቀውም ሁለተኛው መሆኑን አስተማረች። ታዋቂው የሥራ አመራር ጸሐፊ ፒተር ድራከር ብዙ ቆይቶ የአመራር ነቢይ ብሎ ጠርቷታል፤ እኔም ማጋነን አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ1925 በኒው ዮርክ ለድርጅት ኃላፊዎች በሰጠችው ትምህርት፣ ጠብ የሚያልቀው በሦስት መንገድ ነው አለች፦ አንዱ ሌላውን ሲያሸንፍ፣ ሁለቱም ከፈለጉት ከፊሉን ሲተዉ፣ ወይም የሁለቱም ፍላጎት ሳይጎድል የሚገባበት አዲስ መንገድ ሲገኝ። ምሳሌዋ ደግሞ ከእኛው ሙያ መሆኑ ገረመኝ። የአንድ ወተት ማኅበር ገበሬዎች በተዳፋት ላይ ባለ ማራገፊያ ተጣሉ፤ ከላይ የሚወርዱት እኛ እንቅደም ሲሉ፣ ከታች የሚወጡትም እኛ እንቅደም አሉ፤ ማኅበሩም ሊፈርስ ደረሰ። መፍትሔው ማራገፊያውን አዙሮ ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ እንዲያራግፍ ማድረግ ነበር።

ይህ ለእኛ ለሰሜን ሸዋ ሰዎች ከባድ ጥያቄ ያነሣል። የአገራችን ሽምግልና ብዙ ደም ያደረቀ ክቡር ባህል ነው፤ ነገር ግን «አንተም ተው፣ አንተም ተው» ብሎ መሃል ለመሃል ሲቆርጥ ሁለቱም ወገን የጎደለውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ባለፈው ዐቢይ ጾም ወተት ገዢ ሲጠፋ፣ ኮሚቴያችን የምንቀበለውን በግማሽ እንቀንስ አለ፤ አባላቱ ላም ጾም አታውቅምና ሁሉንም ተቀበሉን አሉ። ሽማግሌዎች አማካዩን ፈረዱ፤ ገበሬው የተረፈውን ይዞ ተመለሰ፣ ማኅበሩም ከተቀበለው ብዙውን መሸጥ አቃተው። ፎሌት ብትኖር፣ እያንዳንዱ ወገን አፍ አውጥቶ ከጠየቀው በስተጀርባ የሚፈልገው ምንድን ነው ትል ነበር። ገበሬው ወተቱ ከንቱ እንዳይቀርበት፣ ማኅበሩም የማይሸጥ ወተት እንዳይታቀፍ ይፈልጋል፤ እንግዲያው ወተቱ ተንጦ ቅቤው ለፋሲካ ገበያ ቢቀመጥ ሁለቱም የፈለጉትን ያገኛሉ።

ስለ ትእዛዝ ያስተማረችው ደግሞ ለአዲሱ ሹመትህ ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል። ሰው ከሰው ትእዛዝ አይቀበል፤ አለቃውም ሠራተኛውም ጉዳዩ ራሱ ከሚያዘው ይቀበሉ ትላለች። ቀድሞ ወተት ተቀባያችን ማለዳ በዚያ ውርጭ ጋቢውን ተከናንቦ የመጣውን ገበሬ «አልቀበልም ብያለሁ» ብሎ ሲመልሰው ጠብ የማይነሣበት ቀን አልነበረም። አሁን ከጄሪካኑ ጥቂት ወተት ቀድቶ፣ በብልቃጥ ውስጥ እኩል አልኮል ጨምሮ፣ ብልቃጡን ለባለወተቱ ይሰጠዋል። መኮምጠጥ የጀመረ ወተት በመስተዋቱ ላይ ረግቶ ፍርፍር ብሎ ሲታይ፣ ገበሬው ራሱ ጄሪካኑን አንሥቶ ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜም የማታውን ከጠዋቱ መቀላቀሉን ለራሱ እያጉረመረመ ነው። ተቀባዩ የሚከለክለው ያው ነው፤ የተዋረደ ሰው ግን የለም።

ሁሉም ጠብ እንዲህ ይፈታል አላለችም፤ በዚህም አምናታለሁ። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት ለመኖር ቢፈልጉ ብዙ ጊዜ ማስታረቂያ እንደማይገኝ ራሷ ተናግራለች፤ በርስት የተካሰሱ ወንድማማቾችን ለምናውቅ ለእኛ ይህ ማስረጃ አያሻውም።

በቅቤው ሐሳብ አንድ ያልተፈታ ነገር ቀርቶኛል። ገንዘቡ የሚገኘው ለፋሲካ ከሆነ፣ አባላቱ በጾሙ ወራት ፋጉሎና ፉርሽካ በምን ይግዙ? ማኅበሩ በቅቤው መያዣነት ቅድሚያ ቢከፍላቸው ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ አንተ የሒሳብ ሰው ነህና አስበህበት ከጠቅላላ ጉባኤያችን በፊት ጻፍልኝ።

ወንድምህ፣ ከደብረ ብርሃን