«ዝም ብለሽ ገንዘቡን አትልኪም?» ላላችሁኝ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ለንደን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የምሠራ ኢትዮጵያዊት ነኝ። ሚያዝያ 18 ቀን 2018 ዓ.ም. በሚካሄደው የለንደን ማራቶን እሮጣለሁ። የማሰባስበው ገንዘብ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ላለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ይሄዳል። ይህን ከተናገርኩ ወዲህ ዘመድ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል። «ዝም ብለሽ ገንዘቡን አትልኪም? ሩጫው ምን ያደርጋል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምመልስ እዚህ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

እኔ ከደመወዜ የምልከው ትንሽ ነው። ኪራይ አለ፣ ቤተሰብ አለ፤ ውጭ የሚኖር ሰው ያውቀዋል። እዚህ አገር ግን ደስ የሚል ልማድ አለ። አንድ ሰው ለበጎ አድራጎት ሊሮጥ ነው ከተባለ ባልደረባውም፣ ጎረቤቱም፣ የልጁ አስተማሪም አምስት አሥር ፓውንድ ያዋጣሉ። ብዙ ሯጮች ቦታ የሚያገኙት በበጎ አድራጎት ድርጅቶች በኩል ነው፤ ይህን ያህል እሰበስባለሁ ብለው ቃል ይገባሉ። ለእኔ ዕጣ ወጣልኝ። በዕጣ የገባ ሰው ለፈለገው ድርጅት መሮጥ ይችላል። ለዘንድሮው ውድድር ያመለከተው ሰው ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ስለነበር፣ ዕድሉን እንደ አደራ ነው የተቀበልኩት።

ከገንዘቡ የሚበልጥብኝ ግን ወሬው ነው። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው፤ ልምምዱ ወራት ይፈጃል። ወሩን ሙሉ ሰው ይጠይቃል። ባለፈው ዓመት እዚሁ ለንደን ትዕግሥት አሰፋ 2፡15፡50 ገብታ አሸንፋለች። ሰዎች ወሬውን በእሷ ይጀምሩና «አንቺስ የምትሮጪው ለማን ነው?» ይሉኛል። ያኔ የልጆችን ልብ ስለሚጎዳው፣ ሩማቲክ ስለሚባለው በሽታ እናገራለሁ።

በምሠራበት ቤት የሚኖሩ አንዲት አሮጊት አሉ። ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና፣ እሳቸውም በልጅነታቸው ይኸው በሽታ ይዟቸው ወራት አልጋ ላይ እንደከረሙ አጫወቱኝ። ገረመኝ። ለካ በሽታው እንግሊዝም የድሃ ልጆችን ሲጨርስ የኖረ ነው። የመኖሪያ ቤቱ ሁኔታ ሲሻሻልና ፔኒሲሊን ሲመጣ ነው የጠፋው ማለት ይቻላል። እኛ ጋ ግን አሁንም አለ።

የእህቴ ልጅ ያደገው ደሴ ነው። ልጅ ሳለ ጉልበቱ አበጠ። ኳስ ሲጫወት ተመትቶ ነው ተባለና ወጌሻ አሸው። እሱ ሲሻለው ሌላኛው ጉልበቱ ያብጥ ጀመር፤ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቱ። ልቡ የታየው ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ እያጠረው ሲመጣ ነው። በዚያን ጊዜ የልቡ በር ተጎድቷል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በማዕከሉ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ዛሬ ተማሪ ነው። በሽታው እንዳይመለስበት ግን የፔኒሲሊን መርፌውን አሁንም በየአራት ሳምንቱ ይወጋል። መርፌው ያማል፣ አንዳንዴም መድኃኒቱ ይጠፋል፤ እህቴ ከፋርማሲ ፋርማሲ ትዞራለች።

መነሻው ምን መሰላችሁ? የጉሮሮ ሕመም! አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ጉሮሮን ያሳምማል። ሳይታከም ከቀረ አንዳንድ ልጆች ላይ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ የመገጣጠሚያ ሕመምና ትኩሳት ይመጣል፤ ልብንም የሚጎዳው ያኔ ነው። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያሉትን ነው። የጉሮሮ ሕመም ሁሉ እንዲህ አይደለም። ግን የትኛው እንደሆነ እናት በዓይኗ አትለየውም። እኛ ቤት ዳማከሴ ይጨመቃል፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ይፈላል፣ ሲብስም እንጥል ይቆረጣል። ዳማከሴውን አልጠላም፤ እኔም አድጌበታለሁ። ባክቴሪያውን የሚገድለው ግን ፔኒሲሊን ነው፣ ርካሽ መድኃኒት ነው። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ልጁን ለደም መፍሰስና ለሌላ ኢንፌክሽን ከማጋለጥ በቀር የሚፈይደው የለም።

ስለዚህ ገንዘቡን ዝም ብዬ ብልክ ኖሮ ይህ ሁሉ ወሬ አይወራም ነበር። አሁን ሁዳዴ ነው፤ ሥጋም ወተትም የለም። እሑድ ቅዳሴ ስላለ ረጅሙን ሩጫ ቅዳሜ አድርጌዋለሁ። በሶና ሽምብራ ይዘውኛል። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ በብርድ መሮጥ ይከብዳል፤ አሮጊቷ ግን ጠዋት ጠዋት «ስንት ደረስሽ?» ይሉኛል።

በየከተማው የምትሮጡ ወገኖቼ፣ ቲሸርቱን ስትለብሱ የምትሮጡለትንም ምረጡ፤ ለሰውም ንገሩ። መዋጮው ለቀዶ ሕክምናው ብቻ ሳይሆን በየወሩ ለሚወጋው መርፌም እንዲደርስ ጠይቁ። እናንተም የዝግጅት ክፍሉ ሰዎች በጤና አምዳችሁ የልጆች ልብ ሐኪም ጋብዙልን። ትምህርት ቤቶች ከመዘጋታቸው በፊት ቢወጣ መምህራንም ያነቡታል።

አንባቢያችሁ
ከምሥራቅ ለንደን