መጀመሪያ ኦፌንሲቭ ላይኑን እዩ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ቡድን ዘላቂነት በዲሴምበር ባስፈረማቸው ባለ አምስት ኮከቦች (ከፍተኛ ደረጃ የተሰጣቸው ምልምሎች) ብዛት ብቻ አይለካም። ኦፌንሲቭ ላይኑን፣ ማለትም ሲያጠቁ ፊት ተሰልፈው ኳስ ለያዘው ጋሻ የሚሆኑትን ግዙፎች፣ እዩ። ከሁለተኛ ደረጃ 125 ኪሎ ሆኖ የመጣ ታክል (የዚህ መስመር የዳር ተጫዋች) ጡንቻ ጨምሮ 140 ገደማ እስኪደርስና እስኪሰለፍ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል። አንድ ዓመት ለዚህ ቦታ በቂ ልጅ ካልፈረመ ክፍተቱ የሚታየው በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ያኔ ጥፋተኛው አሠልጣኝ ምናልባት ተባሯል።

ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተጫዋች አንድ ዓመት ከጨዋታ ውጭ ሳይቀመጥ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ስለቻለ፣ የራስን ልጅ ማቆየትም ሌላ ምልመላ ሆኗል። ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ በ2024 አዲሱ አሠልጣኝ ከርት ሲግኔቲ ከቀድሞ ቡድኑ ጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ባስከተላቸው ተጫዋቾች ታግዞ 11 ጨዋታ ማሸነፉ ዝውውርን የሚንቁትን ዝም አሰኝቷል። ገንዘቡ ግን ወሰን አለው፦ በ2025 በ20.5 ሚሊዮን ዶላር የተጀመረው፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ በዓመት ለተጫዋቾቹ በቀጥታ የሚከፍለው ገንዘብ ጣሪያ የሁሉም ስፖርት ነው። የፉትቦሉ ድርሻ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ) ላይ ካለቀ መጀመሪያ የሚለቁት ተጠባባቂ ጋርዶች (ከታክሎቹ ወደ ውስጥ የሚሰለፉት) ናቸው።