የትኛውን ፊልም ልይ ላልከኝ

ውድ አባዬ፣

እንዴት ከረምክ? እኛ ደህና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ትልቁ ድምፁ መጎርነን ጀምሯል። ስልክ ሲያነሳ አንተን የሰማሁ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። ሒሳብ ላይ ግን እንደ አባቱ ነው፣ ተወው።

ባለፈው በስልክ «ቤት መዋል ሰለቸኝ፤ እስቲ ከነዚያ ከምትወዳቸው ፊልሞች የትኛውን ልይ?» አልከኝ። ገረመኝ። ፊልም የሥራ ፈት ነገር ነው ስትል ነው የኖርከው። ደስም አለኝ። ግን ይህን የጠየቅከኝ እኔ «ምርመራው ምን አለ?» ባልኩህ ቅጽበት መሆኑን አልረሳሁም። ወሬ ማስቀየር ድሮም ታውቅበታለህ።

እሺ፣ ስለ ፊልም እናውራ።

ቀድሞ የሚመጣልኝ «የብስክሌት ሌቦች» ነው። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 እ.ኤ.አ. የሠራው። ከጦርነቱ በኋላ ነው፣ ሮም ውስጥ። ሥራ ያጣ አባት ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ሥራው ብስክሌት ይፈልጋል፤ ብስክሌቱ ደግሞ በመያዣ ተይዟል። ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቿን አስይዛ ታስለቅቀዋለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይሰረቃል። ከዚያ ከትንሹ ልጁ ጋር ከተማውን ሲያስሱ ይውላሉ። ታሪኩ በቃ ይኸው ነው። አባትየውን ሆኖ የሚጫወተው ሰው ተዋናይ አልነበረም፤ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። አረማመዱን ስታየው ይገባሃል። እንደዚያ ዓይነት ድካም ተምሮ የሚመጣ አይመስለኝም።

መሀል ላይ አባትየው ይናደድና ልጁን በጥፊ ይለዋል። ልጁ ያኮርፋል። ቆይቶ ከወንዙ በኩል ልጅ ሰጠመ የሚል ጩኸት ይሰማል። አባት በድንጋጤ ይሮጣል። የሰጠመው ሌላ ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ ይቅርታ አይጠይቅም። ኪሱን ያያል፣ ልጁን ይዞ ምግብ ቤት ይገባል። አብረው ይበላሉ።

እዚያ ጋ ስደርስ ፊልሙን አቆመዋለሁ። ሬዲዮው የተሸጠ ቀን ነዋ የሚመጣብኝ፤ ጋሼ ቆመው እያዩ በጥፊ ያልከኝ ቀን። ስለ ጥፊው አይደለም የማወራው፤ ጥፊማ ሌላም ጊዜ ቀምሻለሁ። ማታውን ሳንቲም አስጨበጥከኝና «ሂድ፣ ሲኒማ ግባ» አልከኝ። ብቻዬን። ያን ቀን ምን ፊልም እንዳየሁ ዛሬ አላስታውስም። አጠገቤ የነበረውን ባዶ ወንበር ግን አስታውሳለሁ። ሰዎች ፊልም መውደድ እንዴት ጀመርክ ሲሉኝ «አባቴ ነው የላከኝ» እላለሁ፤ ይስቃሉ። የቀረውን አልነግራቸውም። ሮም ያለው ሰውዬ እኮ ገንዘብ አልነበረውም አባዬ። ግን አብሮት ገባ።

ደሞ እንዳታኮርፍ። መድኃኒቱን የምትወስደው ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እህቴ አንድ ትላለች፣ አንተ ሌላ ትላለህ። ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። አምፖሉ እስኪቀየር ድረስም በዚያ ደረጃ በማታ አትውረድ።

«የቶኪዮ ታሪክ» የሚባልም አለ፤ የጃፓናዊው ዳይሬክተር የኦዙ፣ በ1953 እ.ኤ.አ. የወጣ። ሽማግሌና አሮጊት ልጆቻቸውን ለማየት ረጅም መንገድ ይመጣሉ። ልጆቹ ሥራ ይበዛባቸዋል፣ መዝናኛ ቦታ ይልኳቸዋል። ወላጆቹ ግን አይማረሩም፤ የኛ ልጆች ከብዙዎቹ ይሻላሉ ይባባላሉ። አንተም ለጎረቤት እንዲህ ትላለህ አሉ። ይሄኛው ይቅርብህ።

የመጨረሻው «ኢኪሩ» ነው። ሌላው ጃፓናዊ አኪራ ኩሮሳዋ በ1952 እ.ኤ.አ. የሠራው። ይሄን ልጻፍልህ አልጻፍልህ እያልኩ ብዙ አመነታሁ። ፊልሙ በራጅ ይጀምራል። የአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ጨጓራ ነው። ካንሰር እንዳለበት ተራኪው ለእኛ ይነግረናል፤ ሰውዬው ገና አላወቀም። ሐኪም ቤት ወረፋ ሲጠብቅ አንድ በሽተኛ ያዋራዋል። ሐኪሙ ቀላል ቁስለት ነው፣ የፈለግከውን ብላ ካለህ አለቀልህ ይለዋል። ሲገባ ሐኪሙ ያንኑ ይለዋል። አንተ ባለፈው «ምንም የለብህም፣ ያሻህን ብላ ብለውኛል» ስትለኝ ለምን ዝም እንዳልኩ አሁን ገባህ?

ሰውዬው ቤቱ ሄዶ ለልጁ ሊነግረው ይፈልጋል። ልጁና ምራቱ ስለ ጡረታ ገንዘቡ ሲያወሩ ይሰማል። ዝም ይላል። በቀረችው ዕድሜ ለሰፈር ልጆች መጫወቻ ቦታ ለማሠራት ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። ሰውዬው ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ የሚዘፍንባትን ቦታ ሰው ሁሉ ያደንቃል። ታምራለች፣ አልክድም። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ልጁ ነው። ለቅሶው ላይ አባትህ በሽታውን ያውቅ ነበር ወይ ሲባል፣ ቢያውቅማ ይነግረኝ ነበር ይላል። አባት ግን ያውቅ ነበር።

ብዙ ሰው ልጁን ይኮንነዋል። እኔ አባትየውንም እቀየመዋለሁ። ልጁ ስግብግብ ነው፣ እሺ። አንድ ጊዜ ጠርቶ፣ አስቀምጦ፣ ቢነግረው ምን ነበረበት? ያ ልጅ ያን ሰዓት ምን ይሆን እንደነበር ማን ያውቃል? እድሉን አልሰጠውም።

ሐሙስ ቀጠሮ አለህ። ስትወጣ አንተው ደውልልኝ። እህቴ አይደለችም፣ አንተ። ያሉህን እንዳለ፣ ሳትቀንስ ንገረኝ። ስለ ገንዘቡ አታስብ፤ ከወንድሜ ጋር ተነጋግረናል። ፈቃድም ጠይቄያለሁ፤ የሆነው ሆኖ በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ።

የብስክሌቱን ፊልም እስክመጣ እንዳታየው። ከሥር የሚመጣውን ጽሑፍ እኔ አነብልሃለሁ። ቴሌቪዥኑ አሁንም ካልተሠራ ላፕቶፔን ይዤ እመጣለሁ።

ልጅህ