ጉዳዩ፦ በሌለ ባትሪ ስለተጠየቀ የጥገና ክፍያ

ለድሮ ጌሞች ሽያጭና ጥገና ክፍል

ሰላምታዬን እያስቀደምኩ፣ ሥዕሉ እየተበጣጠሰ ለጥገና የላክሁላችሁ የዳክቴልስ ጌም ካርትሪጄ (ጌሙን የያዘው፣ በማጫወቻው ኮንሶል ላይ የሚሰካው ሣጥን) ታሪክ በእጃችሁ ስላለ ከመጀመሪያው አልደግመውም። አሁን የሚያስጽፈኝ ካርትሪጁ ከነብልሽቱ ሲመለስ አብሮት የመጣው ደረሰኝ ነው፤ «ባትሪ ቅየራ፣ 22 ዶላር» ይላል።

የምን ባትሪ? ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ1989 ለኒንቴንዶ ያወጣው ዳክቴልስ ባትሪ ኖሮት አያውቅም። ጨዋታ ማስቀመጫ ሴቭ የለው፣ ካቆሙበት መቀጠያ ፓስወርድ የለው፤ ኮንሶሉ ከጠፋ ጨዋታው ከሀ ይጀመራል። ይህንኑ በስልክ ሳስረዳ የባለሙያችሁ መልስ «ጋሼ፣ የድሮ ካርትሪጅ ሁሉ ባትሪ አለው፤ ዩቱብ እያዩ አይከራከሩን» የሚል ነበር። ጨዋታን ለማስቀመጥ ባትሪ ያለው ሌላው ጌም፣ ዜልዳ ነው፣ ወንድሜ። በ3.8 ሚሊሜትር መፍቻ ከፍቼ አየሁት፦ ባትሪም፣ የባትሪ ቦታም፣ አዲስ የተበየደ ነገርም የለም። አዲስ ነገር ቢኖር ፒኖቹ (ከኮንሶሉ ጋር የሚያገናኙት ብረቶች) በብርጭቆ ወረቀት መፋቃቸው ነው፤ የወርቅ ቅቡ ተነስቶ መዳቡ ወጥቷል።

ብልሽቱን እኮ በጽሑፍ ገልጬላችሁ ነበር። የጨረቃው ደረጃ ሙዚቃ ሳይዛባ ይጫወታል፣ የጌሙ ባለታሪክ ስክሩጅም የታዘዘውን ያደርጋል፤ የሚበጣጠሰው ሥዕሉ ብቻ ነው። ቦርዱን ለሚያውቅ ሰው ይህ ግማሽ መልስ ነው። የዚህ ጌም ሥዕሎች የራሳቸው ሮም (ቋሚ ማኅደረ ትውስታ) የላቸውም፤ ፕሮግራሙ ከ128 ኪሎባይቱ ሮም እያነሣ ወደ 8 ኪሎባይት ራም (ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ይገለብጣቸዋል፣ ኮንሶሉም የሚያነበው ከዚያ ነው። ድምፁ ደህና ሆኖ ሥዕሉ ከተበላሸ የሚጠረጠሩት የሥዕሉን መስመር የሚያገናኙት ፒኖችና ራሙ ናቸው። ፒኑን በ90 ፐርሰንት አልኮልና በጥጥ ማጽዳት፤ እምቢ ካለ የራሙን እግሮች እንደገና መበየድ፤ አሁንም እምቢ ካለ ራሙን ራሱን፣ ባለ 28 እግሩን 6264 ቺፕ፣ መቀየር። በቃ።

«አምስቱንም ደረጃ ፈትሸን እንልካለን» ብላችሁም ነበር። የፍተሻ ወረቀታችሁ ግን «ቢ ቁልፍ ችግር አለበት፣ በከዘራው አይነጥርም» ይላል። ስክሩጅ በከዘራው ላይ እየነጠረ እንዲሄድ ዘሎ፣ አየር ላይ ሳለ የታች ቁልፍንና ቢን አብሮ መያዝ ነው! እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን አዲሱን እትም በአንድ ቁልፍ የለመደ ሰው ሊደናገር ይችላል፤ ግን በከዘራ መንጠር ያላወቀ ሰው ከአማዞን ደረጃ እስከ ሂማላያ ደረጃ ምኑን ፈተሸ?

ቀደም ሲል «ችግሩ ኮንሶልዎ ነው» ብላችሁ ካርትሪጁ የሚሰካበትን ባለ 72 ፒን ሶኬት አስገዝታችሁኛል፤ ሌሎቹ ካርትሪጆች ያኔም በደንብ ይሠሩ ነበር። «እፍ ይበሉበት» የሚል ምክርም ሰምቻለሁ፤ የትንፋሽ እርጥበት ፒን እንደሚያበላሽ ለጥገና ቤት መንገር ነበረብኝ?

ስለዚህ 22 ዶላሩ ይመለስልኝ። ፒኖቹ ስለተፋቁ የካርትሪጁም ዋጋ፣ በከንቱ የተገዛው የሶኬቱም ዋጋ ይታሰብ። እስከ ዓርብ ካልተመለሰ ክፍያውን በባንኬ በኩል አሳግዳለሁ። የቦርዱን የፊትና የኋላ ፎቶ አያይዣለሁ፤ ባትሪውን የቀየራችሁበትን ቦታ በቀስት አመልክታችሁ በጽሑፍ መልሱልኝ። በስልክ አይሁን።

ከአክብሮት ጋር