ስለ መስኮታቸው ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጅማ ከተማ በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ለረጅም ዓመታት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። በእነዚያ ዓመታት ወደ ክፍላችን የሚመጣውን ሰው ሁሉ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግብ ፍላጎቱ፣ ስለ ጭንቀቱና ከዘመዶቹ መካከል የታመመ ስለ መኖሩ እጠይቅ ነበር። የሚተኛበት ክፍል መስኮት ይኑረው አይኑረው፣ ግድግዳው እርጥብ ይሁን ደረቅ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ይህን ጥያቄ ያስተማረችኝ የገዛ እናቴ ናት።

እናቴ አብዛኛውን ዕድሜዋን ያሳለፈችው ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚያወጣው ዳገት ላይ በነበረ ቤት ነው። ጓሮው ቡና፣ እንሰትና አቮካዶ ነበረው፤ ጠዋት በሩን ስትከፍት ከተማው ከታች ጭጋግ ለብሶ ይታያታል። አባታችን ካረፈ በኋላ ብቻዋን መኖሯ ስላሳሰበን፣ ከእኔ ቤት በማይርቅ ግቢ ውስጥ አንድ የሰርቪስ ክፍል ተከራየንላት። ክፍሉ አዲስና ንጹሕ ነበር፤ ውኃና መብራትም አለው። ብቸኛው መስኮቱ ግን ከጎረቤት ሕንፃ የብሎኬት ግድግዳ ጋር ሊነካካ ጥቂት የቀረው ስለ ነበር፣ በእኩለ ቀንም ያለ አምፖል ዕቃ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላት ቡና ማፍላት ተወች። ጅማ ተወልዳ ያደገች እናት ቡና ማፍላት ስትተው ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢያን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ቀን ታሸልባለች፣ ሌሊት ቁጭ ብላ ታድራለች። እኔም ባለሙያ ነኝና ሐዘኑ ነው፣ ዕድሜው ነው እያልኩ ቆየሁ። አንድ ቀን ግን ምን ሆነሽ ነው ብዬ ስጠይቃት፣ «ልጄ፣ እዚህ ቤት አይነጋልኝም» አለችኝ።

ቃሏ ለእኔ ምሳሌያዊ አነጋገር አልነበረም። የጠዋት ብርሃን በዓይን በኩል ገብቶ የሰውነታችንን የዕለት ሰዓት እንደሚያስተካክል፣ ይህ ሰዓት ሲዛባም እንቅልፍና ስሜት አብረው እንደሚዛቡ ተምሬዋለሁ፤ ከእናቴ ክፍል ጋር ማገናኘት ነበር ያቃተኝ። ባለቤቱን መስኮት በሌላ በኩል እንድናስወጣ ወጪውን ራሳችን ችለን ለምነን ነበር፤ አልፈቀዱም። በመጨረሻ ከዚያ ያነሰና ያረጀ፣ የጭቃ ግድግዳ ያለው፣ ነገር ግን በረንዳው ከዋንዛ ዛፍ ፊት ለፊት የሆነ ቤት አገኘንላት። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሌሊት እንቅልፏ ተመለሰ፤ ረከቦቱም ወጣ። ዛፉ ፈወሳት ብዬ አልጽፍም። በረንዳው አላፊ አግዳሚውን ሰላም እንድትል፣ ጎረቤትም ለቡና እንዲጠራራ አድርጓል፤ የትኛው ምን ያህል እንደረዳት መለየት አልችልም።

ነገሩ የእናቴ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮጀር ኡልሪች በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በፔንሲልቬንያ በአንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን መዝገብ አነጻጽሯል። የግማሾቹ መስኮት ዛፎችን፣ የግማሾቹ ደግሞ የጡብ ግድግዳን ያሳይ ነበር። ዛፍ ያዩት በአማካይ 7.96 ቀን፣ ግድግዳ ያዩት 8.70 ቀን ተኝተዋል፤ ዛፍ ያዩት የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ነበር። የተጠኑት ጥቂት ሰዎች ቢሆኑም፣ የጡብ ግድግዳው ነገር ሲነሳ የእናቴ ክፍል ትዝ ይለኛል።

ለእኛ ከተማ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ በስምንት የአውሮፓ ከተሞች የሚኖሩ ወደ 6,000 የሚጠጉ ሰዎችን ያካተተው ጥናት ነው። እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩት ሰዎች የድባቴ ምልክት በብዛት ታይቶባቸዋል። ከዚህም በላይ ትኩረቴን የሳበው ምክንያቱ ነው፤ ግንኙነቱን በከፊል ያብራራው የሰዎቹ የአካል ሕመም፣ በከፊልም በገዛ ቤታቸው ላይ አንዳች ለውጥ ማድረግ እንደማይችሉ መሰማታቸው ነበር። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚወርድበት ጅማ፣ ልብስ በሳጥን ውስጥ በሚሻግትበት ክረምት፣ ግድግዳውን ለመቀባት እንኳ የባለቤቱን ፈቃድ የሚለምን ተከራይ ይህን ስሜት ጠንቅቆ ያውቀዋል። መሥራት ከሚችለው ነገር ሁሉ የተከለከለ ሰው ቀስ በቀስ መሞከርን ይተዋል፤ እኛ ደግሞ ሐኪም ቤት ሲመጣ ፍላጎት ማጣት ብለን እንመዘግብለታለን።

በከተማችን በኮሪደር ልማት የተሠሩት የእግረኛ መንገዶች፣ የተተከሉት አበቦችና በአዌቱ ወንዝ ዳር የተከናወነው ሥራ ያስደስተኛል፤ ማታ ማታ የሚንሸራሸረውን ቤተሰብ ሳይ ለመንፈስ ምን ያህል እንደሚጠቅም ይገባኛል። ይሁን እንጂ በመንገድ ዳር የምናሳልፈው አንድ ሰዓት ነው። የቀረውን የምናሳልፈው ከመንገዱ ኋላ ባሉት ግቢዎች፣ አንዱ ከሌላው ጀርባ በተደረደሩት የኪራይ ክፍሎች፣ ከሌላ አካባቢ በመጡ ተማሪዎችና አዲስ ሠራተኞች በተሞሉት ጠባብ ቤቶች ውስጥ ነው። ስለዚህ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጡ ባለሙያዎች ለእያንዳንዱ የሰርቪስ ክፍል ሰማይ የሚያሳይ መስኮት እንዲጠይቁ፣ አከራዮችም ጣሪያ እየጨመሩ ግቢ ውስጥ የቀረችውን አንድ ዛፍ እንዳይቆርጡ እለምናለሁ።

ለሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ የተለየ መልእክት አለኝ። ድህነትን፣ ሐዘንንና ሕመምን መስኮት አያስቀርም፤ መድኃኒት የታዘዘለት ሰውም ክፍል ስለቀየረ መድኃኒቱን ማቆም የለበትም። ሆኖም «የምትኖሩበት ቤት ብርሃን ይገባዋል ወይ? ያፈስሳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ወጪ የለውም። ቤት መቀየር ለማይችለው፣ አልጋውን ከእርጥቡ ግድግዳ አርቆ እንዲያስቀምጥ፣ ጠዋት ጠዋት ወንበሩን ከደጃፉ አውጥቶ ቁርሱን እዚያ እንዲበላ መንገር ይቻላል። እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ምክር የሚጠይቁኝን ጎረቤቶቼን አስቀድሜ የምጠይቃቸው ይህንኑ ነው፤ አብዛኞቹም መልስ ከመስጠታቸው በፊት ዝም ብለው ጥቂት ያስባሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣች የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ከጅማ