የታሪክና የጂኦግራፊ ክበብ፦ ለማፍረስ የተሳለው ካርታ

መስከረም ላይ ሠላሳ አንድ አባላት ነበሩን፤ የእግር ኳሱ ውድድር ሲጀመር አሥራ አራት ቀሩ። የቀሩት ግን አርብ ከሰዓት ደወል ተደውሎም ከክፍል አንወጣም እያሉ ጥበቃውን ያማረሩ ናቸው። ያቆያቸው አንድ ካርታ ነው።

የኒው ዮርኩ ሴንትራል ፓርክ ከመሠራቱ በፊት በምዕራብ በኩል ሴኔካ ቪሌጅ የሚባል መንደር ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1825 አንድሩ ዊሊያምስ የተባለ ጥቁር ወጣት እዚያ ሦስት ቁራጭ መሬት በ125 ዶላር ገዛ። ሥራው ሊስትሮ ነበር፤ ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ሌሎችም ተከትለውት ቤት ሠሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ተከሉ፣ ትምህርት ቤት ከፈቱ። መሬቱ መኖሪያ ብቻ አልነበረም፤ በግዛቱ ሕግ ጥቁር ወንድ ድምፅ ለመስጠት 250 ዶላር የሚያወጣ ይዞታ ያስፈልገው ነበር።

ፓርኩ ሲታሰብ ጋዜጦች ነዋሪዎቹን በሰው መሬት ላይ ደሳሳ ጎጆ የቀለሱ ሕገ ወጦች አድርገው ጻፉ። ልጆቹ አስቀድመው ያነበቡት ይህን ነበርና አመኑት። (ሆን ብዬ ነው ያስቀደምሁት፤ ይቅር ብለውኛል።) በሳምንቱ ቀያሹ ጋርድነር ሴጅ እ.ኤ.አ. በ1856 ለካሳ ክፍያ የሳለውን ካርታ ዘረጋሁላቸው። ቤቶቹና የይዞታ ወሰኖቹ አንድ በአንድ ተነድፈዋል። ሰዎቹን ለማስነሣት የተሳለው ወረቀት ባለርስት መሆናቸውን መሰከረላቸው! በማግስቱ ዓመት መንደሩ ጠፋ።

ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «ካርታው ቤቱን እንጂ የሰውየውን ማንነት መቼ ያሳያል?» ብላ ጠየቀች። ልክ ነበረች። የ1855ቱን ቆጠራ ማምጣት ግድ ሆነ፤ ወደ 225 የሚጠጉ ነዋሪዎች፣ ሁለት ሦስተኛው ጥቁሮች፣ የቀሩት በአብዛኛው አየርላንዳውያን። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2011 የተደረገው ቁፋሮ የአንድ ቤት መሠረት፣ የብረት ማንቆርቆሪያና የሕፃን ጫማ ማውጣቱን አነበብን። ከካርታው ይልቅ ያቺ ጫማ ስታከራክራቸው ዋለች።

በዚያው በኒው ዮርክ፣ በብሩክሊን ስለነበረው ዊክስቪል ስለተባለ ሌላ የጥቁሮች መንደር የሠራነው ጥቂት ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1968 ሁለት ሰዎች በትንሽ አውሮፕላን ሆነው ከቀጥተኞቹ ጎዳናዎች መካከል ያፈነገጠችውን አሮጌ መንገድና ዳሯ ላይ የቀሩትን ቤቶች ማግኘታቸውን ወንዶቹ ልጆች እስከ ዛሬ ያወራሉ።

ሰኔ ላይ የትምህርት ቤታችንን አካባቢ ራሳችን ሳልን። ባንኩ፣ ፋርማሲው፣ የነዳጅ ማደያው ሁሉ ገብቷል። በወላጆች ቀን ከበር ላይ ጉልት የሚቸረችሩ አንዲት እናት ቀርበው ካርታውን ለረጅም ጊዜ አዩና «እኛን የት አደረጋችሁን?» አሉ። በእስክሪብቶ ጨመርናቸው፤ ካርታው አሁን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተሰቅሏል። ለልኬት የተዋስነውን ሜትር የወሰደ ተማሪ ካለ እባክዎን ይመልስልን።