የስካውት ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ለትልቅ የወጣቶች ካምፕ መሪ ማዘጋጀት

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የያዘው አንድ ሥራ ነው፤ 18 ዓመት የሞላቸውንና ሊሞላቸው የተቃረቡ አባላቱን በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች በሚሰፍሩበት ካምፕ በበጎ ፈቃድ መሪነት እንዲያገለግሉ ማዘጋጀት። ቀደም ሲል ሥልጠናው በቋጠሮ፣ በመዝሙርና በጨዋታ ይጀመር ነበር። እነዚህን አልተውናቸውም፤ ወደ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ግን ገፋናቸው። ካምፕ የሚበላሸው ጨዋታ በማነሱ አይደለም። ውኃ ሲያልቅ፣ ልጅ ከዓይን ሲሰወርና መሪው እንቅልፍ ሲያጣ ነው የሚበላሸው። ሦስቱም ደግሞ አስቀድሞ በመቁጠር የሚያዙ ነገሮች ስለሆኑ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ለቆጠራ ተሰጠ።

በዓለም አቀፍ የስካውት ጃምቦሪ፣ ማለትም ከየአገሩ የመጡ ስካውቶች በሚሰፍሩበት ትልቅ ካምፕ፣ አንድ ቡድን 36 ወጣቶችና 4 አዋቂ መሪዎች አሉት። ወጣቶቹ ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው በ4 ፓትሮል፣ ማለትም በ4 ንዑስ ቡድን ይከፈላሉ። አከፋፈሉ ከስካውት ጅማሬ የመጣ ነው፤ የስካውት መሥራች ባደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 በእንግሊዝ አገር በብራውንሲ ደሴት ባካሄደው የሙከራ ካምፕም ልጆቹ በ4 ፓትሮል ተከፍለው ለየፓትሮሉ ከራሳቸው መካከል አለቃ ተመድቦ ነበር። ልምምዳችንን በዚሁ ቁጥር አደረግን። ጀማሪ መሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት አንድ ዓይነት ነው፦ 36ቱንም ሰብስቦ በአንድ ጊዜ ትእዛዝ ይሰጣል። ከኋላ የቆሙት አይሰሙም፣ የሰሙትም “ሌላው ይሠራዋል” ብለው ይተዉታል። ለ4ቱ የፓትሮል አለቆች ብቻ ነግሮ እያንዳንዱ አለቃ የተባለውን በራሱ አንደበት መልሶ እንዲናገር ማድረግ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል፤ የሚያድነው ጊዜ ግን ግማሽ ቀን ነው። መልሶ ማስነገሩ እንዳይዘለል አጥብቀን እንመክራለን፤ ሥራው ያለው እዚያ ላይ ነውና።

የሰው ቆጠራ በቀን ቢያንስ ስድስት ጊዜ ይደረጋል፦ ሲነሱ፣ ከሰፈር ሲወጡ፣ መኪና ላይ ሲሳፈሩ፣ ሲደርሱ፣ በእራት ሰዓትና ከመኝታ በፊት። በጣት እየጠቆሙ መቁጠር አይሠራም፤ ልጆች ይንቀሳቀሳሉ፣ ከሌላ ቡድን የመጣ እንግዳም ቁጥሩን ይሞላል። እያንዳንዱ ወጣት ከካምፑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማይለወጥ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በተራ ቁጥሩን ይጠራል፤ የፓትሮሉ አለቃ ይመዘግባል፤ አንድ አዋቂ ደግሞ ለብቻው ይደግማል። ሁለቱ ቁጥሮች ካልገጠሙ ማንም ከቦታው አይንቀሳቀስም። ቆጠራን የሚያፈርሰው አንድ ትንሽ ደግነት ነው፤ ጓደኛው መፀዳጃ ቤት የሄደበት ልጅ በእሱ ምትክ “አለሁ” ይላል። ስለዚህ ማንም በማንም ስም አይመልስም የሚለው ደንብ ምክንያቱ ተነግሯቸው ከመጀመሪያው ቀን ይጸናል።

ሰው ከጎደለ ሁሉም መሪዎች ለፍለጋ መሮጥ የለባቸውም። ሁለቱ ከቀሩት ልጆች ጋር ይቆያሉ። ሌሎቹ ሁለቱ ድንኳኑን፣ መፀዳጃውን፣ የሕክምና ጣቢያውንና መጨረሻ አብሮት የታየውን ጓደኛ ያጣራሉ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልተገኘ ለካምፑ ጽሕፈት ቤት ይነገራል፤ የልብሱ ቀለም፣ መጨረሻ የታየበት ቦታና ሰዓት አብሮ ይሰጣል። ጀማሪዎች “ትንሽ እንፈልግና እንናገራለን” እያሉ የሚያዘገዩት ከእፍረት የተነሣ ስለሆነ የ10 ደቂቃውን ገደብ በሰዓት ይዘን አለማመድናቸው።

ውኃ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየን። ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ በቀን ለአንድ ሰው 15 ሊትር ቢታሰብ ለ40 ሰው 600 ሊትር ይሆናል፤ ይህም 30 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። በደቂቃ 7.5 ሊትር ከሚያወርድ አንድ ቧንቧ 600 ሊትር ለመሙላት ወረፋ ሳይኖር እንኳ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ውኃ ቀጂ ፓትሮል ከጠዋቱ 12 ሰዓት ካልጀመረ ቁርስ ይዘገያል፣ ቁርስ ሲዘገይ የቀኑ ፕሮግራም ሁሉ ይዘገያል። የሞላ ጀሪካን 20 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን አንድ ልጅ ብቻውን አይሸከመው፤ ለሁለት በእንጨት ላይ አንጠልጥለው ይያዙት፣ በየመንገዱም ቦታ ይለዋወጡ። የመጠጥ ጀሪካኖች በቀለም ምልክት ይለያሉ፤ ለሌላ ነገር የዋለ ጀሪካን ታጥቦም ቢሆን ወደ መጠጥ አይመለስም።

የውኃው ንጽሕና ካላስተማመነ ማፍላት ቀዳሚው መንገድ ነው። ውኃው ተንተክትኮ ለ1 ደቂቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ቦታ ግን ለ3 ደቂቃ ይፈላል፤ ከፍታ ሲጨምር ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው። ማፍላት ካልተቻለ ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና በሊትር 2 ጠብታ ይደረግበታል። ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ ወይም 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። ጠብታ መቁጠር መሐል ላይ ስለሚያሳስት 2 ሚሊ ሊትሩን በሲሪንጅ መለካት ይሻላል። ከተቀላቀለ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። የደፈረሰ ውኃ መጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ ይጣራል፣ የበረኪናው መጠንም እጥፍ ይሆናል፤ ድፍርሱ በበረኪናው ውስጥ ያለውን ክሎሪን ስለሚበላው ነው።

ስለ ሙቀት ስናስተምር እ.ኤ.አ. በ2023 በደቡብ ኮሪያ ሳማንግም የተካሄደውን 25ኛውን የዓለም ጃምቦሪ ምሳሌ አድርገናል። ከ40,000 በላይ ሰው የሰፈረበት ቦታ ከባሕር የተገኘ ሜዳማ መሬት ነበር፤ ጥላ ጥቂት ነበር፤ ብርቱ ሙቀት ስለተከሰተ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመሙ። የብሪታንያና የአሜሪካ ልዑካን ቀድመው ለቀቁ፤ በኋላም አውሎ ነፋስ ስለመጣ ሰፈሩ በሙሉ ተነሣ። ከዚህ የወሰድነው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ትልቅ ካምፕ ጥላና ውኃ አለው ብሎ መገመት አይገባም፤ የቡድኑ መሪ ለቡድኑ ጥላ የሚሆን ሸራና አውታር (መወጠሪያ ገመድ) ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ሰፈር ለቆ መውጣት የሚቻልበት ዕቅድ የሚጻፈው ፀሐይ ደምቃ በምትወጣበት ቀን ነው፦ የትኛው ፓትሮል ምን ይይዛል፣ ምን ይተዋል፣ የት ይሰበሰባል።

ሙቀት ያደከመው ልጅና ሙቀት የመታው ልጅ እንደሚለያዩ ሁሉም አባላት እስኪለዩ ድረስ ደጋግመን ጠየቅናቸው። ያደከመው ያልበዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ሲጠየቅ ግን በትክክል ይመልሳል፤ ጥላ ውስጥ ጋደም ብሎ እግሩ ከፍ ይደረጋል፣ በዝግታ ይጠጣል። የመታው ግን ይዘባርቃል፣ ይደናገራል ወይም ራሱን ይስታል፤ የሰውነቱ ሙቀት 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ላብ መኖሩ ማዘናጋት የለበትም፤ በሥራ ወይም በሩጫ ላይ ሙቀት የመታው ሰው ሊያልበው ይችላል። ሐኪም እየተጠራ ማቀዝቀዙ በዚያው ቅጽበት ይጀመራል፦ ውኃ ማፍሰስ፣ ማራገብ፣ ገንዳ ካለም ራሱን ደግፎ መንከር። ለተደናገረ ሰው የሚጠጣ ነገር አይሰጥም፤ ትን ይለዋል።

ተቅማጥ በካምፕ ከድንኳን ወደ ድንኳን የሚሻገረው በእጅ ነው። የአልኮል ጄል የተወሰኑ የሆድ ቫይረሶችን በደንብ ስለማይገድል ሳሙናና የሚፈስ ውኃ በመፀዳጃው መውጫና በወጥ ቤቱ መግቢያ መኖር አለበት፤ ራቅ ብሎ ከተቀመጠ ልጆች አይሄዱበትም። ተቅማጥ የያዘው ሰው ከቆመለት በኋላ 48 ሰዓት እስኪሞላው ምግብ አይነካም። የሕይወት አድን ንጥረ ነገር እሽግ ከሌለ 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይቀላቀላል። ማንኪያው አናቱ በቢላ ጀርባ ይስተካከል፤ ጨው ሲበዛ በሕፃን ላይ አደጋ ያመጣል። የተቀላቀለው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል።

በድንኳን ላይ ብዙ አልቆየንም፤ አብዛኛው አባል ከዚህ ቀደም ያውቀዋልና። የሚረሳው የአውታሩ ጠባይ ነው። ከጥጥ ወይም ከቃጫ የተሠራ አውታር ሲረጥብ ያጥራል፤ ማታ ካልላላ ሌሊት በጤዛ ጠብቆ ካስማ ይነቅላል። የናይለን አውታር ደግሞ ሲረጥብ ይረዝማል፤ ዝናብ ሲጀምር መጥበቅ አለበት። ሁለቱን በአንድ ድንኳን ላይ ማደባለቅ ጥሩ አይደለም። ካስማው አናቱ ከድንኳኑ ወዲያ ዘንበል ብሎ ይተከላል። ድንኳን ውስጥ ከሰልም ሆነ የጋዝ ምድጃ በማንኛውም ምክንያት አይገባም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው የተኛ ሰው አይነቃለትም።

መድኃኒት በዋናው ዕቃው እንዳለ ይቀመጣል፤ የሰጠው መሪ ሰዓቱንና መጠኑን ይጽፋል፣ ሌላው ያረጋግጣል። ከዚህ ደንብ የሚወጡ ሁለት ነገሮች አሉ፤ የአስም መንፊያና የከባድ አለርጂ መርፌ ሣጥን ውስጥ አይቆለፉም፣ ባለቤቱ በሄደበት አብረውት ይሄዳሉ። መድኃኒቱ የተቆለፈበት ድንኳን 500 ሜትር ርቆ ከሆነ እንደሌለ ይቆጠራል።

ስለ ልጆች ደኅንነት ያለው ትምህርት ለሁሉም ግዴታ ነበር፤ ያልተከታተለ አባል በመሪነት አይመዘገብም። አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ከሰው ዓይን ተሰውሮ ብቻውን አይሆንም፣ በአንድ ድንኳንም አያድርም፣ በስልክ ለብቻው መልእክት አይላላክም። ልጅ የደረሰበትን በደል ሲናገር መሪው “ለማንም አልናገርም” ብሎ ቃል አይገባም፤ ያንን ቃል ሊጠብቅ አይችልምና። ረጋ ብሎ ይሰማል፣ መርማሪ አይሆንም፣ ልጁ የተናገረውን በልጁ ቃል ይጽፋል፣ በዚያው ቀን ለተመደበው ኃላፊ ያስተላልፋል። ይህን በንግግር ብቻ ማስተማር አይበቃም፤ አባላቱ በተራ ሰሚና ተናጋሪ ሆነው እስኪለምዱት ድረስ አምስት ሳምንት ወስዶብናል፤ ይገባውማል።

የቤት ናፍቆትም በዚሁ ክፍል ተሰጠ። ናፍቆት የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች፣ መብራት ሲጠፋ ነው። ወላጅ ሲሸኝ “ካልተመቸህ መጥቼ እወስድሃለሁ” ካለ ልጁ ካምፑን ለመልመድ ሳይሆን ያንን ሰዓት ለመጠበቅ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ለወላጆች በምናዘጋጀው ወረቀት ላይ ይህን እንዳይሉ አስቀድመን እንጽፋለን። ልጁን “አታልቅስ” ከማለት ይልቅ ከመኝታ በፊት አንድ የተወሰነ ሥራ መስጠት፣ ለምሳሌ የፓትሮሉን ፋኖስ እንዲያጠፋ ማድረግ፣ የበለጠ ይረዳዋል።

የመሪዎች እንቅልፍ የመጨረሻው ቆጠራችን ነበር፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የላቀ ነው። ትጉህ መሪ በመጀመሪያው ሌሊት አይተኛም፣ በሁለተኛውም እንዲሁ፣ በሦስተኛው ቀን ሰው ሲቆጥር ይሳሳታል። 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ትኩረቱና የእጁ ፍጥነት መጠጥ እንደቀመሰ ሰው ይቀንሳል። ስለዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ሁለት መሪዎች ተረኛ ይሆናሉ፣ ሁለቱ ፈጽሞ አይቀሰቀሱም፤ በማግሥቱ ይቀያየራሉ። ተረኛ አንድ ሳይሆን ሁለት የሆነው ሌሊት ልጅ ሲታመም አንድ አዋቂ ለብቻው እንዳይገባ ነው። ተረኛው ሌሊት ላይ የሆነውን በመዝገብ ይጽፋል፣ ጠዋት ንባቡን ሰምቶ ሳይፈርም ተተኪው ሥራ አይጀምርም።

መሪው ኪሱ ውስጥ የሚይዘው ጥቂት ነው፦ የስም ዝርዝር በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ፊሽካ፣ የእጅ ባትሪ፣ ጓንት፣ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ በረጠበ ወረቀት ላይ አይጽፍም። በፊሽካ ለአደጋ በደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ ይነፋል፣ መልሱ 3 ጊዜ ነው፤ ለጨዋታ መጥሪያ ሌላ ምልክት ይመረጥ።

የዓመቱ የመጨረሻ ልምምድ ሰፈር ማንሣት ነበር። ድንኳን እርጥብ ሆኖ ከተጠቀለለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ዝናብ ላይ ከተነሣ እንደደረሰ ተዘርግቶ ይደርቃል። ካስማዎቹ በ10 በ10 ታስረው ተቆጠሩ፣ የጎደሉት በመዝገቡ ላይ ሰፈሩ። መዝገቡ ከቆጠራ ሉሆቹና ከሌሊት ተረኞች ደብተር ጋር በክበቡ ቁም ሣጥን የላይኛው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።